እንቅልፍ ያጣሁበት ቆጠራ

አርብ ገበያ
ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሲሀም አባት፣ ለጀላል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ አለሁ ብቻም አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው ያለሁት። ይቺን ስታነብ «እኔ ስሄድላት ደስ አላት ማለት ነው» ብለህ ወረቀቱን ለወንድምህ ለሻፊ እንዳትወረውርለት። ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ። በስልክ ልነግርህ ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ የወገዳ ኔትወርክ ከኔ የተሻለ ይተኛል። ደግሞም ይሄ በስልክ የሚወራ አይደለም። ሻፊ ስልክህን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ እንደሚሰማ መች አጣሁት! እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ደምሌ ነው፣ ያው የኛን ጨው የሚጭነው የአይሱዙ ሹፌር። ነገ በጠዋት ይነሳል። «እጁ ላይ አስቀምጥ፣ ለሻፊ እንዳትሰጥ» አልኩት። «በእመቤቴ!» ብሎ ማለልኝ፤ እሱ በእመቤቱ ከማለ ደግሞ ይፈጽማል።

እዚህ ሰዉ አጨዳ ጨርሶ አውድማ ላይ ነው፤ ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው ይላሉ። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወለደች፤ አንዱ አንተን ይመስላል፣ ሲነኩት ያኮርፋል። ሲሀም ከመካነ ኢየሱስ ደውላ «አባቴስ?» አለችኝ። «ወገዳ ሄዷል፣ ጨው ሊያራግፍ» አልኳት። «እማ፣ ሦስት ወር የሚራገፍ ምን ጨው ነው? ቀይ ባሕርን ነው እንዴ የሚያራግፈው?» አለችኝ። ልጅህ ምላሷ ከኔ ነው። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቆይ፣ በሩን ልዝጋው፣ ነፋሱ ወረቀቱን ያነሳብኛል።

መጣሁ። ፍየሏንም ውሃ አጠጥቻት ነው የመጣሁት። መቀመጥ አልቻልኩም ዛሬ፤ አንድ መስመር እጽፍና ብድግ እላለሁ።

ጀላል፣ የመስከረም 23ቱን አርብ አንተም አልረሳኸው፣ እኔም አልረሳሁት። ባንተ በኩል የሆነውን አንተ ታውቃለህ። በኔ በኩል የሆነውን ግን ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ያወቅሁት ገና አሁን ነው፤ ደስታዬም እሱ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን እንደ ቂጣ ስገላበጥ አይተሃል። ጥቂት አሸልብና ከስድስት ሰዓት በኋላ ዓይኔ ይፈጣል። ያ እሳት ከደረቴ ይነሳና አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ይወጣል። ውርጭ በሚጥልበት በኅዳር፣ የጋይንት ብርድ ውሻ በሚያስጮህበት፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ጋቢ እወረውራለሁ። በር ከፍቼ ደጅ እቆማለሁ። ስመለስ ጆንያ አስተካክላለሁ፣ መደርደሪያ እወለውላለሁ። ወሬ ሲያምረኝ ደግሞ አንተን እቀሰቅሳለሁ።

«ጀላል፣ ተኝተሃል?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት መለስክልኝ?»

አንተም ተነስተህ ትቀመጥና ታደምጠኛለህ። ምስኪን። በጠዋት ጨው የሚጠብቅህ ሰው ነህ።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቀኝ ቀርተሃል፤ እኔም ሳልነግርህ። እጅህን ስትዘረጋ «አትንካኝ!» ያልኩህ ጊዜ ብዙ ነው። ፊትህን ወደ ግድግዳው ስታዞር አይቻለሁ። ባሌንም ቤቴንም ጠልቼ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሙቀቱን ነበር ያልኩት እንጂ አንተን አልነበረም። ወላሂ አንተን አልነበረም።

ያን አርብ እንግዲህ ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ አስወርቼህ ነው ያደርነው። አምስት ሰዓት ገደማ ምሳህን ይዤ ስመጣ ጆንያ ተደግፈህ እንቅልፍህን ትለጥጣለህ። የአንዱ የስማዳ ገበሬ በቅሎ በተከፈተው ጆንያ አፏን ቀብራ ጨዉን ትልሳለች። ሰዉ ከቦ ይስቃል። አንዱ «ኧረ ዋጋ ጠይቋት!» ይላል። ሌላው «ልትቀምስ እንጂ ልትገዛ አይደለም የመጣችው» ይላል። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረ፣ አንተ በጠራራ ፀሐይ! ራሴንም ከኋላ ሰንጥቆ ይወጋኝ ነበር፣ እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

«ባል ነው ያገባሁት ወይስ ጆንያ?» ብዬ ጮህኩብህ።

ሳቁን ስሰማ ጨመርኩበት። የጨመርኩትን እዚህ አልደግመውም። ብድግ አልክ፣ ጉንጭህ ላይ የጆንያው ሰንበር ወጥቶ፣ ከንፈርህ ነጥቶ። «ሀምዲያ፣ ፈትቼሻለሁ» አልክ። አንድ ጊዜ። ሳቁ ቀጥ አለ። መላሷን የቀጠለች በቅሎዋ ብቻ ነበረች።

አንተ ጋቢህንና ራዲዮህን ይዘህ ወገዳ ሄድክ። በሦስተኛው ቀን ሼህ ከሪም ዒዳዬን፣ የፍቺ መቆያዬን፣ ሊቆጥሩ መጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ አሳሉ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥያቄው ከብዷቸው ነው።

«ሀምዲያ ልጄ... ያ የሴቶቹ ነገር... ይመጣል ወይስ ቀርቷል?»

አጠገቤ ኢብቲሳም ተቀምጣለች፣ ያቺ አምና ያገባችው የጎረቤት ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቷ። ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች። በሷ ፊት «ቀርቷል» ልበል? ነገ ገበያው ሁሉ «ጀላል አሮጊት ፈትቶ ሄደ፣ ወገዳ ላይ ልጃገረድ ሞልቶለታል» ሊል? አንተም ብትሰማ «እውነትም» ብትልስ? ያ መጣብኝ።

«እንዴት ይቀራል፣ ሼሁ! እንደ ሴቱ ሁሉ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ሦስት ጊዜ መጥቶ እስኪሄድ ነው። ሲሞላ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ጀላል ልመልስሽ ካለ አንድ ቃል ይበቃዋል» ብለው ተነሱ። ላንተም ይህንኑ ላኩልህ፤ አንተም ይህንኑ ይዘህ ወገዳ ተቀምጠሃል።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ደጅ ወጥቼ ያልቆሸሸ ደጅ ጠርጌያለሁ።

አርጫለሁ፣ ጀላል። የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የሌለ ነገር ሦስት ጊዜ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው።

እንዴት ልነግርህ እንደበቃሁ ደግሞ ስማ። በኅዳር መጨረሻ ለአንዲት ሴትዮ ጨው ስሰፍር ጣሳው ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ መሬቱም ከግሬ ሥር ሸሸ። ላቀች ደርሳ ባትይዘኝ ጨዉ ላይ ተዘርሬ ነበር። የላቀችን ነገር ታውቀዋለህ፣ ጎረቤት ሳትሆን ፖሊስ ናት።

«ወይ ፀበል ወይ ጤና ጣቢያ፣ ምረጪ!» አለችኝ።

«ፀበል ብሄድ ሼህ ከሪም ምን ይሉኛል?»

«እንግዲያው ተነሺ፣ ጤና ጣቢያው ሃይማኖት የለውም!»

ያየችኝ ሲስተር ፍቅር የምትባል ልጅ ናት፣ ከሲሀማችን አትበልጥም። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋችው፣ አስተነፈሰችው፣ ደግማ ነፋችው። «እትዬ ሀምዲያ፣ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ ስምንት ነው» አለች። የነጋዴ ሚስት አይደለሁ፣ ቁጥር ሲበዛ ደስ ይለኛል፤ «ጥሩ ነው?» አልኳት። «ለጨው ጥሩ ነው፣ ለደም ግፊት ግን ጥሩ አይደለም» አለችኝ። በሌላ ቀን አስመጥታ እንደገና ለካችኝ፤ ያው ነው። ደም ብዛት ይዞኛል፤ እነሱ የደም ግፊት ይሉታል።

ቀጥላ «እንቅልፍዎስ?» አለች። እኔ ደግሞ ስለ እንቅልፍ ከጠየቁኝ! ከጋቢው እስከ መደርደሪያው ነገርኳት፤ ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው አጉረመረመ። ሰምታ ስታበቃ «የወር አበባዎ መቼ ነው የቆመው?» አለችኝ።

ሻሼን ማስተካከል ያዝኩ። ላቀች በክርኗ ጎሸመችኝ። «ተናገሪ እንጂ! ሐኪም ፊትና ቄስ ፊት አይዋሽም።»

«እኔ ቄስ የለኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው ሐኪሟን የያዝንልሽ!»

ተናገርኩ። ሰማይ አልወደቀም። ሲስተር ፍቅር ካርዴ ላይ ጻፈችውና ቀና ብላ ማስረዳት ያዘች። ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ መነጫነጩም ከማረጥ ጋር የሚመጣ ነው አለች። ከዚያ ዕድሜ ወዲህ የብዙ ሴት ግፊት ከፍ ይላል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ግፊቱ ማረፊያ ያጣል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል አለች።

«ጅን አይደለም?» አልኳት።

«አይደለም።»

«እብደትም አይደለም? ባል መጥላትም አይደለም?»

ሳቀች። «አይደለም፣ እትዬ ሀምዲያ። ስንት እናቶች በዚህ ይመጣሉ መሰለዎት! አይነጋገሩም እንጂ።»

ይህን ስትል ላቀች፣ ያቺ ፖሊስ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እኔም እኮ ጋቢ እወረውራለሁ» አለች። ሱብሓነላህ! በአንድ ግድግዳ ተለያይተን እሷ ወዲያ እኔ ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብለን ነው ለካ የምናደርው! መንገዱን ሙሉ ስንስቅ መጣን። ሰው «ምን አግኝታችሁ ነው?» ይለናል፤ «ደም ብዛት!» እላለሁ እኔ።

እየሳቅሁ ግን እናቴ መጣችብኝ። አንተም ደርሰህባታል። በኔ ዕድሜ እንቅልፍ የላትም ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ደጅ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲላት «ደጅ ስታድር ጅን ለክፏት ነው» ብለን አልነበር? ክንዷን ጠቅልሎ የነፋላት ሰው አልነበረም። ለኔ ግን ነፉልኝ።

ኪኒን ጀምሬያለሁ። በጠዋት አንድ ነው። እኔ ደግሞ ጅል፣ የእንቅልፍ መስሎኝ ሁለት ቀን ስተኛ ዋጥኩት። ሽንት የሚያበዛ ነው ለካ! ሌሊቱን ከቤት ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ቤት ስል አነጋሁ። ላቀች በግድግዳው በኩል «ሀምዲያ፣ ምን እያጓጓዝሽ ነው?» ትለኛለች። አሁን በጠዋት እወስዳለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሻይ አልጠጣም። ከፈጅር፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ከላቀች ጋር እስከ ከተማው ዳር እየሄድን እንመለሳለን፤ እሷ ስለ ሰዉ ታማለች፣ እኔ አልሐምዱሊላህ እሰማለሁ። ጨው ደግሞ ቀንሺ ተብያለሁ። እስቲ አስበው፣ የጨው ነጋዴ ሚስት! ሲስተር ፍቅርን «ባሌ ይህን ከሰማ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ባሌ ያልኩት ሳላስበው ነው።

ከትናንት በስቲያ ሌሊት ለአምስት ሰዓት ያህል ተኛሁ። አምስት ሰዓት፣ ሳልነቃ! የፈጅር አዛን ሲቀሰቅሰኝ «ማን ሞተ?» ብዬ ተነሳሁ። በየሌሊቱ አይደለም፤ ትናንት ደግሞ ዓይኔን አልከደንኩም። ትናንት ግን በሽታው አይደለም።

ባለፈው አርብ እዚያ ጨው መሸጫህ ላይ ቆሜ ነበር። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት መመለስ አለብኝ ብዬ ነው። ገበያው ሲደምቅ «እናንተ ሰዎች፣ ጀላል ጆንያ አይደለም! ያላስተኛሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ «በቅሎዪቱስ ይቅርታ ጠየቀች?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ግን ያኔ እንደሳቁት ዓይነት ሳቅ አይደለም፤ ብትሰማው ትለየዋለህ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ጀላል። ላንተም እዚህ እለዋለሁ።

ቅዳሜ ሼህ ከሪም ዘንድ ሄድኩ። ለሲስተር ፍቅር ከተናገርኩ ወዲህ ያ ውሸት ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ ከሙቀቱ ባሰ። «ሼሁ፣ ዋሽቻለሁ። ቆሟል። ድሮ ነው የቆመው» አልኳቸው። አልተቆጡም። መስጊዱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ተስቢሓቸውን አወጡ።

«ያረጠች ሴት ቆጠራዋ በጨረቃ ነው፤ ሦስት ወር። ቃሉ የወጣው ረቢዑል አኺር አሥራ አንድ ነበር። የረጀብ ወር ነገ ይገባል።» ጣታቸው ዶቃው ላይ ቆመ። «ሀምዲያ፣ የቀረሽ እኮ አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ በአንድ ቃል መመለስ የለም፤ አዲስ ኒካህ ማሰር፣ አዲስ የመህር ጥሎሽ መስጠት ነው። ጀላል ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ማን ይንገረው? ሰው ልላክ?»

«እኔው» አልኩ።

ስለዚህ ይኸው ነገርኩህ። ረጀብ አሥራ አንድ ነገ ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ፣ በመግሪብ ቆጠራው ያልቃል። ጊዜ ያለህ መስሎህ ቁጭ ብለህ፣ እኔ ዘግይቼ ብነግርህ፣ ዕድሜ ልክህን ዋሸችኝ ትል ነበር፤ እውነትህንም ነው። ሐቅህ ስለሆነ ነው የነገርኩህ፣ ሌላ ነገር የለውም። በሽታዬንም የጻፍኩልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ለታመመች ሴት አዝኖ የሚመለስ ባል አልፈልግም፤ ይህን ልብ አድርግ። ሲስተር ፍቅር ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪም እንዲያየኝ ወረቀት ጽፋልኛለች፣ «ሰው ይዘው ይሂዱ» ብላለች። ላቀች አለች። ጉልበቷን ያማታል፣ መኪናም ያዞራታል፣ ግን አለች።

አልጋውን ወደ መስኮቱ ሥር አዛውሬዋለሁ፣ ንፋስ እንዲያገኘኝ። ጋቢውንም ለየብቻ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ ስስ ነው፣ የኔ። ወፍራሙ ታጥፎ ወደ ግድግዳው በኩል ተቀምጧል። ሌሊት ብነቃም ዝም ብዬ አላህን እያወሳሁ ዚክር አደርጋለሁ እንጂ አልቀሰቅስህም። ማለቴ፣ ማንንም አልቀሰቅስም።

ደምሌ ሰኞ ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ ይዘህ ና ብዬዋለሁ።

«ለማን?» አለኝ።

«ለጨው» አልኩት።

«ጨው ከመቼ ወዲህ ነው ጋቢና የሚቀመጠው፣ እትዬ ሀምዲያ?»

ዝም አልኩት። እኔ ዝም ስል አይቶ ስለማያውቅ ደነገጠ መሰለኝ፣ «እሺ፣ እይዛለሁ» ብሎ ሄደ።

ወረቀቱም አለቀብኝ። ወገዳ ብርዱ ይከፋል፣ ጀርባህን ሸፍን፤ የሻፊ ሚስት ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች፣ አንተም ዕድሜህ እየሄደ ነውና ክንድህን አስለካ። አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፣ እንቅልፍህን የሰላም ያድርግልህ፣ ሚዛንህን አያጉድለው፣ መንገድህን ወደ መልካም ያቅናልህ። ሰላምታዬን ለሻፊና ለቤተሰቡ አድርስ፤ ደብዳቤውን ግን አታሳየው።

እስከ ነገ ሳምንት ረቡዕ መግሪብ ድረስ ሚስትህ፣

ሀምዲያ